ምላጭ ያላት አይጥ

«ያቺ ናት» አለች ሬዲዮ፣ አፏን በሻይ ብርጭቆ ከልላ።

«የቷ?»

«ያቺ ዕቃ የምታጥበዋ። ሽቦ።»

ሽቦ ጀርባዋን ሰጥታቸው ነበር፤ ጆሮ ግን ጀርባ የለውም። በቄሱ ቤት ጓዳ ውስጥ ቆማ የለቀስተኛ ብርጭቆ ታጥባለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ከበሩ ወዲያ ሳሎኑ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን በውሰት የመጡት ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። ሰው ይገባል፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ሻይ ይሰጠዋል፣ እግዜር ያጽናችሁ ብሎ ይወጣል። ብርጭቆው ወደ እሷ ይመለሳል።

«ታዲያ ብታጥብ ምናለ? ደግ አደረገች» አለች ሁለተኛዋ ሴት።

«ደግማ ደግ ናት። ግን ቄሱ ተዝለፍልፈው የወደቁት የት እንደሆነ ሰምተሻል? ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አይደለም። ወደ ገበያም ሲሄዱ አይደለም። ወደ እሷ ሱቅ በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ነው። እኔ ምንም አላልኩም! መንገዱን ነው የነገርኩሽ።»

ሬዲዮ ሁሌም እንዲህ ናት። እሷ ምንም አትልም፤ መንገዱን ብቻ ትጠቁማለች፤ ሰው ራሱ ሄዶ ይደርሳል። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ።

ሽቦንም ሽቦ ያላት ሰፈሩ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ቀጭን ናት፤ ደግሞም እልኸኛ። አንድ ደንበኛ «የኮቴ እጅጌ አጠረ» ብሎ ሲጮህባት፣ «እጅጌው አላጠረም፣ እጅህ ነው የረዘመው» ብላ ድርቅ ያለች ሴት ናት። ሽቦ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም ይሉላት ነበር። ይበሉ። ሽቦም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ካጠፉት ቀጭ እንደሚል ሞክሮ ያየ ያውቀዋል።

አንዱን ብርጭቆ አጥባ ገለበጠችው። ልቧ «ውጪና ሂጂ፣ ቤትሽ ገብተሽ ተኚ» ይላታል። ይሄ ድምፅ የማን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ የቆየ ጠላቷ ነው። እግሯ ግን እንቢ አለ። እትዬን ሳታናግር መሄድ አልፈለገችም።

የቄሱን ባለቤት ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። እትዬ ከቀብሩ ጀምሮ አላናገሯትም። ሰላምታዋን አይመልሱም። ሻይ ስታቀርብላቸው እጃቸውን አይዘረጉም፤ ያንኑ ብርጭቆ ሌላ ሰው ሲሰጣቸው ይቀበላሉ። ቄሱ የሞቱ ዕለት የለበሱት ጥቁር ቀሚስ መኝታ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። ከአንገት እስከ እግር ቁልፍ የተደረደረበት ቀሚስ ነው። ከደረቱ ላይ አንዱ የለም።

ያንን የጎደለ ቦታ ሽቦ ከጓዳ ሆና ታየዋለች። እትዬም ከወንበራቸው ሆነው ያዩታል። የሁለቱ ዓይን እዚያ ላይ ሲገጣጠም እትዬ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ነገሩ የጀመረው ሱቋ የተዘጋ ጊዜ ነው።

ሰው «ምን ነካሽ?» ሲል የሚጨበጥ ነገር መስማት ይፈልጋል፤ ሰው ሞተብኝ፣ ባሌ ጥሎኝ ሄደ፣ ቤቴ ተቃጠለ። ሽቦ እንዲህ የምትለው አልነበራትም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ እሱን አልቅሳ ጨርሳዋለች። ልጇ አግብታ ሩቅ ትኖራለች፤ ደህና ናት። ሥራ ሞልቷል። አንድ ቀን ጠዋት ግን የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፣ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች፣ መርገጥ አቃታት። አንድ ሱሪ ከመርፌው ሥር እንደተወተፈ ተነሳችና የሱቁን ላሜራ አወረደች። ከጀርባ ካለችው ክፍሏ ገብታ ተኛች። መተኛትስ አይባልም። ጉድጓድ ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው፤ ከላይ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አቤት ለማለት ግን ከንፈር መላቀቅ አለበት፤ ከንፈሯ ደግሞ የራሷ አልሆን አለ።

መጀመሪያ እውነቱን ለሬዲዮ ሞክራው ነበር። «ከበደኝ» አለቻት፤ «ሁሉ ነገር ከበደኝ።» ሬዲዮ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ፣ «የእምነት ማነስ ነው እኮ እህቴ! ተነሽ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ጸልዪ!» ብላት ሄደች። ከዚያ ወዲያ ለጠየቃት ሁሉ «ወገቤን ነው» ማለት ጀመረች። ወገቡን ለታመመ ይታዘንለታል። ልቡን የታመመ ግን ምክር ነው የሚወርድበት።

ቄሱ የመጡት በሌላ ጉዳይ ነው። ጫፉን እንድታሳጥርላቸው የሰጧት ቀሚስ ነበር። በጀርባ በር መጥተው አንኳኩ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ቀሚሴ ደርሶ እንደሆነ ብዬ።»

«አልደረሰም አባ። አሞኛል። ሌላ ሰፊ ይፈልጉ።»

«እሺ» አሉ። የሚሄድ የእግር ድምፅ ግን አልተሰማም። ብትጠብቅ ብትጠብቅ የለም። በበሩ ስንጥቅ ብታይ ደረጃዋ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ጫማቸውን አውልቀው ጠጠር ያራግፋሉ።

«አባ፣ አይሄዱም እንዴ?»

«ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው። ደረጃሽ ጥሩ ጥላ አለው።»

ምንም ሳይሰብኩ አርፈው ሄዱ። በሌላ ቀን ደግሞ መጡ። ከለበሱት ቀሚስ ደረት ላይ አንድ ቁልፍ ወድቋል፤ ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘውታል።

«ያንን የሚያጥረውን ተይው። ይቺን አንድ ቁልፍ ብቻ።»

«አሞኛል አልኩ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ግን ደረቴን ከፍቼ ምእመን ፊት ልቁም?»

ለመገላገል ብላ ሰፋችላቸው። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ተራራ መውጣት እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቀችው። ስትጨርስ ላብ አጥምቋት ነበር። ቄሱ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። ሽቦ ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ለምን እንደታጠበች አታውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ቁልፍ ወደቀ። ደግሞ ሌላ።

ሰፊ በክር ይታለላል? ያረጀ ክር ሲበጠስ ጫፉ ይሳሳል፣ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ይንጨባረራል። ይሄ ግን ትናንት እንደ ተላጨ ጢም እኩል ነው። ደግሞም ክሩ ድርብ ነው፤ ጠበቅ ተደርጎ፣ በጎበዝ እጅ የተሰፋ። እንዲህ ያለውን ቁልፍ በሬ ቢጎትተው አይወልቅም። ሽቦ ብዙ ቀን ችላ ዝም አለች። አንድ ቀን እልኋ መጣ።

«አባ፣ ይሄን ክር የቆረጠው ምላጭ ነው።»

ቄሱ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። «አይጥ ናት» አሉ።

«አይጥ?»

«ቤታችን አንዲት አይጥ አለች።»

«ምላጭ ያላት?»

«ታዲያስ! እሷ እንደ ሌሎቹ አትቦጫጭቅም። ሥራዋ ንጹሕ ነው።»

ሽቦ ሳቀች። ሳቁ የዛገ በር ሲከፈት የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነበረው። ሲያልቅ ለቅሶ ሆነ። ቄሱ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ አይዞሽ እንኳ አላሉም። ካለቀሰች በኋላ ነው የተናገረችው፤ ሞት እንደሚያምራት፣ አባታችን ሆይ ብላ ስትጀምር አፏ እንደሚደርቅ፣ እግዜርም የራቃት እንደሚመስላት።

«እንግዲያው አትጸልዪ» አሉ ቄሱ።

«ምን አሉ?»

«እግሩ የተሰበረ ሰው ስገድ ይባላል? ድርሻሽን እኔ እይዝልሻለሁ። ጠዋት የራሴን ስጨርስ የአንቺን እጀምራለሁ። ሲሻልሽ ትረከቢኛለሽ። እስከዚያው አንቺ ቁልፏን ስፊ።»

«እግዜር አይቆጣም?»

«ከነቢያቱ አንዱ ከዛፍ ሥር ተጋድሞ፣ በቃኝ ግደለኝ ብሎት ነበር። ተቆጣ? አልተቆጣም። የሚበላ ላከለት። በላና ተመልሶ ተኛ። ደግሞ የሚበላ ላከለት። ያናገረው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ ነን ቸኩለን ስብከት የምናስቀድመው።»

ሐኪም ዘንድም የወሰዷት እሳቸው ናቸው። «ሰው ያየኛል» ብላ ድርቅ ስትል፣ «እኔን ነው የሚያዩት፤ ቄሱን አሞታል ይበሉ» ብለው ከወረፋው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኪኒኑን ይዛ ስታመነታም፣ «ኪኒኑና ጸሎቱ አይጣሉም ልጄ፤ ከአንድ ቤት ነው የወጡት» አሏት።

አንድ ነገር ግን ቃል አስገባቻቸው። ለማንም እንዳይናገሩ። ለእትዬም ቢሆን።

«እሷ እንኳ ብታውቅ ጥሩ ነበር» አሉ።

«አይሆንም!»

«እሺ» አሉ። እሳቸው እሺ ካሉ እሺ ነው።

በለቅሶው ቤት ከሰዓት በኋላ ሰው ሲበዛ ወሬውም ይሞቃል። የቄሱ ነገር እየተነሳ ይወድቃል። ስብከታቸው አጭር እንደነበር፤ አንድ ሽማግሌ «ገና ጉሮሮዬን ሳልጠርግ አሜን ይሉ ነበር» አሉና ሰው በለቅሶ መሃል ፈገግ አለ። ድምፃቸው ለዜማ እንደማይሆን፣ እሳቸው ግን ይሄን እንደማያውቁ። «ያውቃሉ እንጂ» አሉ ሽማግሌው፤ «እኛን ለመፈተን ነው።» እትዬ ይሄን ሁሉ እየሰሙ ዓይናቸውን ከቀሚሱ አላነሱም።

ሽቦ የዕጣቢውን ውሃ ልትደፋ ወደ ግቢው ወጣች። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ አንዱን የተወላገደ ወንበር በመዶሻ ይመታሉ።

«አንቺ ልጅ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ነገ ብትቀሪ ይሻላል።»

«ለምን?»

«አፍ ዳገት አይፈራም። እትዬ ትናንት ለብቻዬ ጠርተው፣ ወደዚያች ሴት ሱቅ ቶሎ ቶሎ ይሄድ ነበር ወይ አሉኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«ምን ልበል? ዘበኛ ነኝ። የሚወጣ የሚገባ አያለሁ። ቶሎ ቶሎ ነበር አልኩ። ለሞተ ሰው ብዬ አልዋሽ።» መዶሻውን አስቀመጡ። «ሄደው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ግን አረጁብኝ።»

ሽቦ ውሃውን ደፋች። ውሃው ድንጋዩ ላይ ሲሄድ ቆማ አየችው።

ብትናገር ሰፈሩ እብድ ይላታል። ጨርቁን ለእብድ የሚሰጥ ማነው? እጇን እያዩ ሳይሆን ዓይኗን እያዩ ነው የሚያስለኳት። ባትናገር ደግሞ የሞተ ሰው አፍ የለውም፤ እትዬም አንድ ባል ሁለቴ ይቀብራሉ።

ከዚህም የባሰ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ማንም አያውቅም። ይሄ በሽታ እንደ ጉንፋን መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ መንገዱን ከለመደ ይመለሳል። ባለፈው ሲመለስ «አባ፣ ደግሞ መጣ» ብላ አልቅሳ ነበር። «መግቢያውን ያውቀዋል፤ አንቺ ደግሞ አሁን መውጫውን ታውቂዋለሽ» አሏት። በዚህ ሰሞንም ተመልሶ ላሜራው ወርዶ ነበር። ቄሱ በወደቁ ጊዜ መንገዱ ላይ ጩኸት ሰምታለች። «ድረሱልን!» ሲሉ ሰምታለች። ማን እንደሆነ ለማየት አልተነሳችም። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

በማግሥቱ አልቀረችም።

ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ሻይ አዙራ ስትጨርስ ሬዲዮ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር መታ መታ አደረገች።

«ነይ አረፍ በይ እንጂ እህቴ፣ ቆመሽ ዋልሽ! ለመሆኑ ወገብሽስ ተሻለሽ?»

ከሬዲዮ ማዶ ያሉት ሁለት ሴቶች ተያዩ። ሽቦ እጇን በጉርዷ ጠረገች፤ አልተቀመጠችም።

«ወገቤን ታምሜ አላውቅም» አለች።

«እንዴ! ያን ሁሉ ጊዜ…»

«ዋሽቼ ነው። ያመመኝ ልቤ ነው። ሐኪሙ ድባቴ ነው የሚለው። ሞት እያማረኝ ነበር የምተኛው። ቄሱ ይሄን ያውቁ ነበር። ሥራ እንዳልረሳ፣ ከአልጋ እንድወርድ፣ የራሳቸውን ቁልፍ በምላጭ እየቆረጡ አንድ ቁልፍ ብቻ ስፊልኝ ይሉኝ ነበር። ጸሎት ሲያቅተኝ ድርሻዬን ይጸልዩልኝ ነበር። ለእትዬ እንዳይነግሩ ቃል ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። የሞቱ ዕለትም ወደ እኔ ነበር የሚመጡት።» ወደ ሬዲዮ ዞረች። «ያልሽው ልክ ነው። መንገዱ ልክ ነው። አሁን የሚደርስበትንም አብረሽ ንገሪ።»

ብርጭቆ ያነሳ ሰው ብርጭቆውን እንዳነሳ ቀረ። ሽማግሌው «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ በጣም ቀስ ብለው።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች ሬዲዮ።

እትዬ ተነሱ። መኝታ ቤቱ በር ድረስ ሄደው ከተሰቀለው ቀሚስ አጠገብ ቆሙ።

«ነይ» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉት። አልጋው አንድ ወገኑ ብቻ ነው የተረበሸው፤ ሌላው እንደተነጠፈ ነው። እትዬ ከኪሳቸው አንድ ጥቁር ቁልፍ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ።

«ኪሱ ውስጥ ነበር» አሉ። «እኔ በድርብ ክር ነው የምሰፋለት። ከእናቴ የተማርኩት ነው። በወደቀ ቁጥር እጄ የደከመ መሰለኝ። አረጀሁ አልኩ። የቀሩትን ሳጠብቅ ደግሞ ሌላው ይወድቃል።»

«የእርስዎ ስፌት እንከን የለውም እትዬ። ለዚያ እኮ ነው ምላጭ ያስፈለጋቸው።»

እትዬ ቀና አሉ። «ምን እያለ ነበር የሚሰጥሽ?»

«አይጥ ናት ይሉኝ ነበር። ቤታችን ምላጭ ያላት አይጥ አለች።»

እትዬ ሊስቁ ነው ብላ ያሰበችበት አፍታ ነበረች፤ አለፈች።

«ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

«እኔ ነኝ እኮ…»

«አንቺ ነሽ። ሰማሁሽ። እኔ ግን ሚስቱ ነኝ። ሬዲዮ ስትነግረኝ ቆይታለች። በአንድ ትራስ ላይ ተኝተን እሱ ዝም አለ፣ እኔም ሳልጠይቀው ቀረሁ። ብጠይቀውም አይነግረኝም ነበር፤ ቃሉ ቃል ነው። ግን ጠይቄው ነበር እል ነበር። በልቤ አምቼው ነው የሞተው።»

ምላስ ያጣ ሰው እጁ ይቀድመዋል፤ የሽቦ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ። «ልስፋው?»

«አይሰፋ። እንዲሁ ይቆይ።» እትዬ መዳፋቸውን ጨበጡ። «ሂጂ አሁን። አልተቆጣሁሽም። ግን ሂጂ።»

ስትወጣ ሬዲዮ አጥሩ ጋ ቆማ አገኘቻት። ሽቦ ልታልፋት ስትል ክንዷን ያዘቻት።

«ያ ሐኪም… በየት በኩል ነው?»

«ለማን ነው?»

«ለእህቴ ልጅ።»

«የእህትሽ ልጅ እንቅልፍ ትተኛለች?»

ሬዲዮ ወደ መሬት አየች። «አትተኛም» አለች። «ስንት ጊዜዋ ነው። ሁሌ ወሬ የምታወራው እኮ ዝም ስትል ስለሚያስፈራት ነው።»

ሽቦ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ የሐኪሙን ቤት ከነመታጠፊያው ነገረቻት። «መንገዱ ይሄ ነው» አለች። «ብቻዋን መሄድ ከፈራች እኔ እወስዳታለሁ። ከወረፋው ፊት እቀመጥላታለሁ።»

ለቅሶ የሚደርሰው ሰው እያነሰ ሄደ። ዘበኛው ወንበሮቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን መለሱ። የሰው ሐዘን የራሱ ሥራ አለው፤ ሰው ወደ ሥራው ሄደ።

ሽቦ ተኝታ ነበር ዘበኛው የጀርባ በሩን ሲያንኳኩ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። እትዬ ደህና አይደሉም። መጋረጃ አይገልጡም። የወሰድኩላቸው ምግብ ሳይነካ በሩ ላይ ያድራል። ሰው ጨርሶ አያስገቡም። አንቺ ምናልባት ብዬ…»

«አሞኛል» ልትል አፏን ከፈተች። ዘበኛው ትንሽ ጠብቀው ሄዱ። ሽቦ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ግድግዳው ላይ የምታውቀው ስንጥቅ አለ። ያን ዕለትም ያየችው እሱን ነው፤ «ድረሱልን!» ሲሉ። አንዴ ዞራለች። እልህ መቼም በጎ ነገር ሆኖ አያውቅም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ከአልጋ ያወረዳት እምነት ይሁን እልህ እሷም አልለየችውም። ወረደች። ኪኒኗን ዋጠች። ፊቷን ታጠበች። ኮቷን ከምስማሩ አውርዳ ከመሳቢያው ምላጭ አወጣች።

ደህና ቁልፍ ቆርጣ አታውቅም። እጇ ሁለት ጊዜ እንቢ አላት፤ የሰፊ እጅ ነዋ። በሦስተኛው ቆረጠችው።

ቄሱ የወደቁበት መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ቆመች። ምንም ምልክት የለውም፤ አሸዋና አንድ የተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ። «አባታችን ሆይ» አለች፤ አፏ ደረቀ። ምራቋን ዋጠች።

«የእትዬን ነው» አለችው እግዜርን፤ «የራሴን አይደለም። የእኔን የያዙት ሰውዬ አንተ ዘንድ ናቸው።» ከዚያ ደግማ ጀመረች። እየተደናቀፈች፣ አንዱን ሐረግ ሁለቴ ብላ፣ አንዱን ዘላ፣ ቤታቸው ስትደርስ ጨረሰችው።

አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሽቦ።»

«አሞኛል። ሂጂ።»

«እሺ» አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አንድ ጫማዋን አውልቃ አራገፈችው። ጠጠር አልነበረበትም።

ፀሐዩ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ወረደ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ፀጉራቸው አልተበጠረም፤ ከሰል የመሰለ ጥላ ዓይናቸው ሥር ተኝቷል።

«አልሄድሽም እንዴ?»

«ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።» ኮቱን ዘረጋች። «አንድ ቁልፍ ወድቆብኝ ነው እትዬ። ይስፉልኝ ብዬ።»

«አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

እትዬ ኮቱን ተቀበሉ። የተቆረጠውን ክር በጣታቸው ዳሰሱት፤ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄ በምላጭ ነው» አሉ።

«አይጥ ናት» አለች ሽቦ። «የእርስዎ ቤት አይጥ እኮ ናት። ወደ እኔ ቤት ዞረች።»

እትዬ ኮቱን ደረታቸው ላይ አቀፉት። ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አይለይም። «መጸለይ አቃተኝ» አሉ በመጨረሻ፤ «የቄስ ሚስት ሆኜ። ልጀምር ስል ያ ዜማ የማያውቀው ድምፁ ይመጣብኛል።»

«አይጸልዩ። ድርሻዎን እኔ ይዣለሁ። ዛሬ ጀምሬዋለሁ፤ በደንብ አልቻልኩበትም።»

እትዬ ከበሩ ገለል አሉላት። ቤቱ ጨለማ ነው፤ የታፈነ አየር ይሸታል። ቀሚሱ እዚያው በሩ ላይ ነው።

«መጋረጃውን ግለጪው» አሉ እትዬ። «ክሩ አይታየኝም።»

ብርሃኑ ገባ። እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ክሩን በምራቃቸው አሹሉት። መርፌውን ሳቱት። ደግመው ሳቱት። ሽቦ እጇን ጭኗ ሥር ከታ ያዘችው፤ አልረዳችም። ገባ። ሰፉ፣ ቋጠሩ፣ የተረፈውን በጥርሳቸው በጠሱት። ኮቱን መለሱላት።

ሽቦ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችው፤ የሰፊ ልማድ ነው። ላላ አለባት። በነጠላ ክር ነበር የተሰፋው።

ቀና አለች። እትዬ ወደ ውጭ ያያሉ። መርፌውን ወደ ሣጥኑ አልመለሱትም፤ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ፣ መጋረጃው ጫፍ ላይ ሰኩት።